ሲተነፍስ ያልቆመው ድምፅ

የጉርዷ ችግር ጣት ነበር። የሳክስፎን ነፊው ጣት። ፊቱን ስታነሳ ይወጣል፣ ኮቱን ስታነሳ ይወጣል፣ የሳክስፎኑ ቆልማማ አንገት ሳይቀር ከነጭረቱ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ጣቶቹ ግን እንደ ጭስ ይተናሉ። እሁድ እሁድ ክለቡ ድረስ ሄዳ፣ ከምሰሶው ሥር ቆማ፣ ካሜራዋን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ያነሳቻቸው ፎቶዎች ሁሉ የሚያሳዩት እጅ ያለው፣ ጣት የሌለው ሰው ነበር።

ጉርዷ ያሏት ሥራዋን አይተው ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ቀኑን ሙሉ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። “አገጭ ቀና! ጆሮ ይታይ! ኧረ አይሳቁ፣ መታወቂያ ነው!” ስትል ትውላለች። ሰውን ከደረቱ በታች አይታው አታውቅም ይባላል። ቁልፍ ሠሪው ባሏ ደግሞ “እኔንም እግር እንዳለኝ የምታውቅ አይመስለኝም፤ ጫማ ገዝታልኝ አታውቅማ!” እያለ ጎረቤቱን ያስቃል።

ሳክስፎን ነፊውን ሁሉም ሰው ፉጨት ይለዋል። ሳክስፎኑ ሲጣራ ከመንገድ ማዶ ወዳጁን አይቶ የሚያፏጭ ሰው ይመስላልና። ጉርዷ ከእሱ ጋር የተዋወቀችው፣ ትውውቅ ከተባለ፣ በወጣትነቷ ፊልም ስታጥብ ነው። የፊልም ማጠቢያ ክፍል ጨለማ ነው፤ ሰውም ብርሃንም አይገባበትም። ያላት ጓደኛ አንዲት ትንሽ ሬድዮ ነበረች። ሬድዮዋ ፉጨትን ስታሰማ ጨለማው ሰው ያለበት ይመስላት ነበር። እዚያ ውስጥ ስንት ዓመት ብቻዋን እንደቆመች የሚጠይቃት ሲኖር “ብቻዬን አልነበርኩም” ትላለች፤ ቀልዷን አይደለም።

ወደ ጣቱ እንመለስ። ለምን ጭስ እንደሚሆን ማስረዳት ቀላል ነው፤ ደግሞም ደስ ይላል። ካሜራ ማለት አንዲት መስኮት ያለችው ጨለማ ክፍል ነው። ብርሃን በበዛበት ቦታ መስኮቷ ብልጭ ብላ ብትዘጋ ይበቃል። ብርሃን ባነሰበት ቦታ ግን ክፍሉ እስኪጠግብ መስኮቷ ተከፍታ መቆየት አለባት። እሷ ተከፍታ ሳለች የተንቀሳቀሰ ነገር ሁሉ ፎቶው ላይ ይዝረከረካል። ክለቡ ደግሞ ከጎማ መሸጫ ሱቅ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መብራቱ ጥቂት ቀያይ አምፖል። ፍላሽ ክልክል ነው። የነፊ ጣት ደግሞ አያርፍም።

መፍትሔው የተገኘው ሳህን ስታጥብ ነው። የፉጨትን ዜማ እያንጎራጎረች ሳለ ትንፋሿ አለቀ። ቆማ አየር ሳበች። እጇ ላይ ያለው ሳህንም አብሯት ቆመ። “ቆይ!” አለች ለሳህኑ። “እሱስ አይተነፍስም እንዴ?”

ይተነፍሳል እንጂ! ነፊ አየር ሲስብ ከንፈሩ ከሚነፋበት ጫፍ ትንሽ ይላቀቃል፣ ትከሻው ከፍ ይላል፣ ጣቶቹም ባሉበት ይቆማሉ። ትንሽ ቅጽበት ናት፤ ለአንዲት ተከፍታ ለምትጠብቅ መስኮት ግን ትበቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉርዷ ዜማዎቹን በካሴት እየሰማች ፉጨት በተነፈሰ ቁጥር ጠረጴዛውን በማንኪያ መምታት ያዘች። ባሏ ራሱን እስኪያመው መታች። በእያንዳንዱ ዜማ የት የት እንደሚተነፍስ በቃሏ ያዘችው። ከዚያ ወዲያ ከሚተነፍስበት ቦታ ትንሽ ቀደም ብላ ጣቷን ቁልፉ ላይ ታሳርፋለች፤ ድምፁ ሲቆም ትጫናለች። ጣቶቹ ከነጥፍራቸው ወጡ። የክለቡ ባለቤት ወደደላትና በሩ ላይ የሚሰቀለውን ፎቶ ሁሉ ከእሷ ይወስድ ጀመር።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር። ከዚያ ፉጨት ታመመ፤ ሳንባው ነው ተባለ። ክረምቱን ሙሉ መድረክ ላይ ሳይታይ ከረመና ከስቶ፣ ኮቱ ሰፍቶት ተመለሰ። ሲመለስ ሁለት ነገሮች አብረውት መጡ። አንደኛ፣ ከባንዱ ጀርባ ጥቁር መጋረጃ ተሰቀለ። ሁለተኛ፣ ቪዲዮ መቅረጽ ተከለከለ። በረኛው የእያንዳንዱን እንግዳ ስልክ ተቀብሎ ካሜራው ላይ ፕላስተር ይለጥፋል። የጉርዷ ካሜራ ግን ቪዲዮ የማያውቅ አሮጌ ስለሆነ አለፈች።

“ዛሬም ጣት ልትለቅሚ መጣሽ?” አለቻት በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው ሴትዮ። የፉጨት ታናሽ እህት ናት፤ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ለነገር የማትሰንፍ። ጥቂት ዓመት ስለምትበልጣት ጉርዷ እትዬ ትላታለች።

“ሌላ ምን ሥራ አለኝ፣ እትዬ?”

“ጣቱን ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ የኔን እሰጥሻለሁ።”

ተሳሳቁ። ጉርዷ ወደ ምሰሶዋ ሄደች።

ከቀድሞ ዜማዎቹ አንዱ ተጀመረ። ጉርዷ መተንፈሻው እስኪደርስ ጠበቀች። ፉጨት ጎንበስ አለ፣ ከንፈሩ ተላቀቀ፣ ትከሻው ተነሳ። ተጫነች። ድምፁ ግን አልቆመም።

ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ሰውየው አየር እየሳበ ነው፤ ሳክስፎኑ ግን ይዘምራል። ሌላ መተንፈሻ ላይ ደግማ አየች። አሁንም እንደዚያው። ዙሪያዋን ቃኘች፤ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። የነፊ ትንፋሽ የሚጠብቅ ከእሷ ሌላ ማን አለ?

ቤቷ ስትገባ ባሏ ከቁልፍ መሞረጃው ቀና ብሎ “ምነው ፊትሽ?” አላት።

“ሰውየው ሳይነፋ ይነፋል።”

“ምን?”

“አፉን ከፍቶ ድምፁ ይወጣል። ቴፕ ነው የሚያሰሙን።”

“አንቺ ሴትዮ፣ ከበሽታ የተነሳ ሰው ነው፤ ተይው እንጂ!”

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ።”

“የጠረጠረም እንቅልፍ አጣ። የኔን እንቅልፍ ጨምሮ።”

እንዳለውም ሆነ። ጉርዷን ያባነናት መታለሏ ብቻ አይደለም። ያ ድምፅ የእሱ ካልሆነ፣ በዚያ ጨለማ ክፍል ስታጫውተው የኖረችው ማንን ነው? ጥያቄው ሆዷ ገባና አልወጣም አለ። ነገር ሲገባት ደግሞ ከሥሩ ካልነቀለች አትተኛም።

መጀመሪያ ዓይኗና ጆሮዋ እንዳይምታቱባት ሥራውን ለሁለት ከፈለችው። በሚቀጥለው እሁድ ባሏን ይዛው ሄደች። እሷ ከንፈሩን ታያለች፣ ባሏ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ድምፁ ሲቆም ጣቱን ያነሳል። ሞያ የማይጠይቅ ሥራ ነውና አልተቸገረም። ጉርዷ የፉጨትን ከንፈር ስታይ፣ ዞር ብላ የባሏን ጣት ስታይ፣ ከንፈሩ ሲላቀቅ ጣቱ እንደተኛ ነው። አስተናጋጇ መጥታ “እህቴ፣ ባለቤትሽ ደክሟቸዋል፤ ትራስ ላምጣላቸው?” አለቻት።

“አልተኛሁም!” አለ ባሏ ዓይኑን እንደጨፈነ። “ሥራ ላይ ነኝ።”

በመንገድ ላይ ግን ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ “እኔ ምልሽ፣ ጣቴን የማነሳበት ጠፋኝ እኮ” አላት። ከዚያ ወዲያ አልቀለደም።

ሁለተኛው ጥርጣሬ የአፍንጫ ነበር። ጉርድ ሊነሳ የመጣ አንድ የሙዚቃ መምህር ያጫወታት ነገር ነው፤ ጉንጫቸውን በአየር ሞልተው፣ በጉንጫቸው እየነፉ በአፍንጫቸው የሚስቡ ነፊዎች አሉ። ድምፁ አይቋረጥም። የሚለማመዱትም ብርጭቆ ውኃ ውስጥ በቀጭን መምጠጫ አረፋ ሳያቋርጡ በመንፋት ነው። እንዴት ያለ ጉድ ነው! ጉርዷ ወዲያው ብርጭቆና መምጠጫ አመጣች። ስትነፋ፣ ስትታነቅ፣ ስትነፋ፣ ውኃው አፍንጫዋ ሲገባ አንዲት ደንበኛ በሩን ገፋ አድርጋ አየቻትና “በኋላ እመለሳለሁ” ብላ ወጣች። ጉርዷ ዘዴውን አልቻለችበትም፤ አንድ ነገር ግን ተማረች። እንዲህ የሚነፋ ሰው ጉንጩ የተነፋ፣ ከንፈሩ ግጥም ያለ መሆን አለበት። በእሷ ፎቶዎች ላይ የፉጨት ጉንጭ የጎደጎደ፣ ከንፈሩም የተላቀቀ ነው። አፍንጫው ነጻ ወጣ።

ቴፑን ነጻ ያወጣችው ደግሞ አስተናጋጇ ናት። አንድ እሁድ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ከእጇ አምልጦ እየተንኳኳ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሳክስፎኑ ወዲያው ያንኑ ኳኳታ አስመስሎ አላገጠባት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጉርዷ ብቻ አልሳቀችም፤ ፉጨት በዚያች ቅጽበት ጎንበስ ብሎ ሲያስል አይታዋለችና። ቴፕ አይቀልድም። እንግዲህ ሰው አለ። የት?

ሰኞ ፎቶ ቤቷን እንደከፈተች የእሁዱን ፎቶዎች በሙሉ አጉልታ ማየት ጀመረች። ዓይኗ የለመደው የሰው ጆሮና ኮሌታ ነው፤ አሁን ግን ከወገብ በታች፣ ከጉልበት በታች ወረደች። ባሏ ቢያያት በደስታ ያለቅስ ነበር። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተለቻቸው። ይሄ የጊታር ነው፣ ይሄ የኪቦርድ፣ ይሄ የፉጨት ማይክ። አንዱ ግን ከማንም አይነሳም። ከድምፅ ማቀነባበሪያው ተነስቶ፣ ከድራሙ ጀርባ ታጥፎ፣ በጥቁሩ መጋረጃ ሥር ይገባል። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው የመጠጥ ማከማቻ ነው። ለስላሳ መጠጥ ማይክ ምን ያደርግለታል?

በቀጣዩ እሁድ ዝግጅቱ ሲጋጋል መጸዳጃ ቤት የምትሄድ መስላ ተነሳች። በኮሪደሩ አለፈች። የማከማቻው በር ገርበብ ብሏል። በሳጥኖቹ መካከል ሾልካ ገባች።

ትኬት ቆራጯ ነበረች። የተገለበጠ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ሳክስፎን ታቅፋለች። መጋረጃው ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ የወንድሟን ትከሻ ታያለች። ትከሻው ሲነሳ እሷ ትነፋለች፤ እሱ ወደ መንፋቱ ሲመለስ እሷ እንደ ጥላ ሸሸት ትላለች። ዱላ የሚቀባበል ሯጭ እንኳ እንዲህ አይገጥምም። ጉርዷ ንዴቷን ይዛ የመጣች ሰው ነበረች፤ ንዴቷን የት እንዳስቀመጠችው ጠፋት። ሴትየዋ በዓይኗ “ዝም በይ” አለቻት፤ ጉርዷም አንዱን ሳጥን ተደግፋ ጠበቀች። ዜማው አልቆ ጭብጨባው ከወዲያ ሲፈነዳ ሳክስፎኑ ከአፏ ወረደ።

“ካሜራሽን አስቀምጪ።”

“አላነሳሁም፣ እትዬ።”

“ማን ነገረሽ?”

“ጋሼ ሲተነፍሱ ድምፁ አልቆመም።”

ሴትየዋ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። “ሙዚቀኛ ይነቃብናል ስንል ጉርድ አንሺ ነቃችብን!”

“ከመቼ ወዲህ ነው?”

“ከታመመ። ሐኪሙ አቁም አለው። አጭሩን ይችላል፣ ረጅሙን አይችልም። መድረኩን ከተወ ደግሞ ይሞታል፤ አውቀዋለሁ።”

“አንቺ ከየት ቻልሽው?”

“አንድ ግድግዳ ለይቶን ነው ያደግነው። እሱ ወጥቶ ሲሄድ ሳክስፎኑን አነሳው ነበር። አባታችን ሴት ልጅ ጉንጯን መንፋት አያምርባትም ይል ነበር።”

“ታዲያ አሁን አባት የለ፤ ለምን ጎኑ አትቆሚም?”

“ትኬቱን ማን ይቆርጣል?” አለች። ቀልድ ነበር፤ ፊቷ ግን አልቀለደም።

ጉርዷ እጇን አየች። የሳክስፎን ክብደት በቀኝ አውራ ጣት ላይ ነው የሚያርፈው፤ የሴትየዋ አውራ ጣት ላይ እንደ ጫማ ሶል የደረቀ መጅ አለ። እንዲህ ያለ መጅ በአንድ ክረምት አይበቅልም። ቤቷ ስትለማመድ የኖረች ሰው ናት፤ ይሆናል። ወይም ደግሞ... ጉርዷ ሐሳቡን ልትጨርሰው ፈራች። ሬድዮው ላይ የሰማችው፣ ጨለማው ውስጥ አብሯት የቆመው የማን ትንፋሽ ነው?

“እትዬ፣ ድሮም አንቺ ነበርሽ?”

“ድሮ እሱ ነው። ብዬሻለሁ።” መነጽሯን አወለቀች። “አሁን ውጪ፤ ቀጣዩ ዜማ ረጅም ነው።”

ጉርዷ ግማሹን አመነች። ግማሹን እንድትጨርስ ዝግጅቱ ሲያልቅ ወደ ራሱ ወደ ፉጨት ሄደች። የሚያርፍባት ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተዘርግቶ፣ ኮቱን አውልቆ፣ በፎጣ አንገቱን ሲያብስ አገኘችው።

“ጋሼ፣ የእህትዎ ፎቶ የለኝም” አለችው።

ፎጣው ቆመ። “የትኬቷን?”

“የሳክስፎኗን።”

ረጅም ሳል ሳለ። እውነተኛ ሳል ነበር፤ ጉርዷ እሱን አልጠረጠረችም። “ማን አወራልሽ?”

“ማንም። የራስዎ አፍ ነው የነገረኝ።”

“ሳይሻለኝ አይቀርም። ሲሻለኝ እሷም ወደ ወንበሯ ትመለሳለች።”

“ካልተሻለዎትስ?”

“ያኔ እኔው ራሴ እጇን ይዤ አወጣታለሁ።”

“መቼ?”

“ጊዜው ሲደርስ ነዋ፣ ልጄ!” አለና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ በስንት ፎቶዋ ላይ አለ! ጊዜው ሲደርስ የሚል ሰው ግን ጊዜውን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞር ነው። ጉርዷ ለመጀመሪያ ጊዜ እየወደደችው አላመነችውም።

ባሏ ነገሩን ሁሉ ሲሰማ “በቃ፣ አወቅሽ። ሆድ ይፍጀው” አላት።

“ሆዴ መቼ ጠገበ? መጀመሪያ እኛን ያታልላል ብዬ ነበር። አሁን የምጠረጥረው እሷን እንዳያታልላት ነው።”

“ለሰው ትናገሪያለሽ?”

“ብናገር እሱ ከመድረክ ይወርዳል፤ እሷ ግን አትወጣም። መጋረጃውን ብቻ ነው የሚያነሱት።”

ባሏ አንድ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረ አሰበና “ታዲያ አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ፎቶ እንጂ!” አላት። ሊያሾፍባት ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ አየችው።

እነሆ አሁን የያዘችው ይህን ነው። የክለቡ ባለቤት ለፉጨት የመድረክ ዘመን መታሰቢያ በሩ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አዟታል። “እስካሁን አልወጣልኝም” እያለች ታቆየዋለች። ልታወጣ የምትሞክረው ወንድምና እህት በአንድ ላይ የሚታዩበትን ነው። እህትየዋ በስንት ልመና እሺ አለች፤ ፎቶው መጀመሪያ ለወንድሟ እንዲሰጥ፣ እሱ ይሰቀል ካላለ ከጉርዷ መሳቢያ እንዳይወጣ ቃል አስገብታ።

ሥራው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁለቱ የሚታዩት ከአንዲት ቦታ ብቻ ነው፤ ከመጋረጃው ጠርዝ፣ ሳጥኖቹ ከተደረደሩበት ጥግ። ከዚያ ሲታይ መጋረጃው በመሐላቸው እንደ ቀጭን ግድግዳ ይቆማል። በግራ እሱ ቀይ ብርሃን ውስጥ፣ በቀኝ እሷ ጨለማ ውስጥ። ለእሱ በሚበቃ ብርሃን ስታነሳ እህቱ ጥቁር ትሆናለች። ለእህቱ በሚበቃው ስታነሳ እሱ እንደ ፍም ይቀላል። አምፖል ብታበራ መጋረጃው ያበራና ሰው ያያል። ስለዚህ ከቤቷ ነጭ አንሶላ አምጥታ ከሳጥኖቹ ላይ ሰቀለች፤ ከመድረኩ ሾልኮ የሚገባው ብርሃን አንሶላው ላይ አርፎ ወደ ሴትየዋ ፊት እንዲመለስ። ባለፈው እሁድ ፊቷ ወጣ! ጉርዷ በደስታ አንድ ጠርሙስ ገልብጣ ነበር።

ቀሪው ጣት ነው። እሱ ሲተነፍስ የእሱ ጣቶች ይቆማሉ፣ የእህቱ ግን ይሮጣሉ። እህቱ ስትተነፍስ የእሷ ይቆማሉ፣ የእሱ ይሮጣሉ። ሁለቱ አብረው አይቆሙም፤ አብረው ቢቆሙ ድምፅ ይጠፋልና። አንደኛቸው የግድ ጭስ ይሆናል። ማን ይሁን?

ጉርዷ የእሱን መተንፈሻ ድሮ ታውቃለች። ስለዚህ አሁን ሳህን ስታጥብ የምታንጎራጉረው ሌላ ነው፤ በመጋረጃው ጥግ ሆና የሰማቻቸውን ረጃጅሞቹን፣ የእህትየዋን። ባሏ ማንኪያውን ደብቆባታል። በመዳፏ ጠረጴዛውን ትመታለች፣ ትሳሳታለች፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ ትኬት ቆራጯ የት የት እንደምትተነፍስ ለመያዝ።